ጎበዝ ከሚሉኝ ይያዙልኝ

ይቀዳል? እሺ፣ ይቀዳል። የአከራዬ ዶሮም እየጮኸ ነው። «ዶሮው ይውጣልን» ብላችሁ ለጻፋችሁ፦ ቤቱ የእሱ ነው፣ እኔ ተከራይ ነኝ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ያቺ ኦቲዝም ያለበት ወንድም ያላት ልጅ ግን አልለቀቀችኝም። የጣና ዳሯ፣ ባለፈው በጨረፍታ ያነሳኋት።

ቦታውን ታውቁታላችሁ፣ ከጀልባዎቹ አለፍ ብሎ ባጃጆች የሚደረደሩበት። ከሆነ ቦታ ድምፅ ማጉያ ይሞከራል። «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት»፣ ከዚያ ያ ሲጥ የሚለው ነገር። ወንድሟ እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ ዘፍ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጆሮውን ይዞ በክርኑ መሬቱን ይመታል። እሷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም።

ሰው ወዲያው ከበበ። አንዱ «ክብሪት ጫሩለት» ይላል፣ የሚጥል በሽታ መስሎት። ለዚያም ቢሆን ክብሪት አይሠራም፣ ግን እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

እሷ መጀመሪያ ያደረገችው በእሱና በውሃው መሀል መቆም ነው። ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ብዙዎቹን ውሃ ይስባቸዋል፣ ሲጨንቃቸው ደግሞ ይሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከአራት ዓመት በላይ ከሆኑት ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንዴ ከቤት ወይም ከጠባቂ እጅ ለመውጣት ሞክረዋል ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ጠፋ ከተባለ ጎረቤት ከመጠየቅ በፊት የሚታየው ውሃው ነው። እኛ ደግሞ ያለነው ባሕር ዳር። ከልጁ ጋር ስትሄዱ በውሃው በኩል የምትሆኑት እናንተ ናችሁ፣ እሱ በመንገዱ በኩል። እሺ፣ መንገዱም ባጃጅ አለበት፣ አውቃለሁ።

ቀጥላ ሹራቧን አውልቃ ከክርኑ ሥር ሰደደችው። እጁን አልያዘችም። ይሄን ልብ በሉልኝ፦ አልያዘችም። ሁላችንም የሚቀናን እቅፍ ማድረግ ነው። ድምፁ የበዛበት ልጅ ላይ ግን እቅፉ ራሱ ሌላ ጫና ነው፤ ይገፋል፣ የገፋ ልጅ «ተማታ» ይባላል፣ ከዚያ ትልልቅ ወንዶች ጨምድደው ይይዙታል። ይሄ ቅብጠት አይደለም፦ ቅብጠት ቢሆን ዓይኑ እናንተ ላይ ነው፣ የፈለገውን ሲያገኝ ያቆማል። ይሄኛው ድምፁ ቢጠፋም ወዲያው አይቆምም።

«ሞተሩን አጥፋልኝ» አለችው ባለባጃጁን። አጠፋ። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውን ልጅ ስልክ በመዳፏ ሸፈነችው፣ ሳትሳደብ። ለወንድሟ አንድ ቃል ብቻ፣ «አለሁ»። አልደገመችውም። እኛ ብንሆን ኖሮ «ምን ሆንክ፣ ተነስ፣ አይዞህ፣ ሰው እያየህ ነው» እንለዋለን፣ አራት አረፍተ ነገር፣ አራት ተጨማሪ ጩኸት። ትንፋሹ ሲረግብ ስልኳ ላይ ሦስት ፎቶ አሳየችው። ባጃጅ፣ የግቢያቸው በር፣ አልጋው። ተነሳ።

እና አንዲት እናት፣ ጥሩ ሴት ናቸው፣ «ጎበዝ! እንዳንቺ ያለ እህት ማን አለው» አሏት።

«ጎበዝ ከሚሉኝ ትንሽ ይያዙልኝ» አለች።

በትህትና ነው ያለችው። ሴትዮዋ ሳቁ። እና... ባጃጁ ሄደ።

እኔ እያሰብኩ ያለሁት፣ ሴትዮዋ «እሺ አምጪው» ቢሉስ? ምን ይይዛሉ?

ስለ ኦቲዝም በአገራችን ሲወራ የሚወራው ስለ እናት ነው። ይገባልም። ዘሚ የኑስ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ ነው አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈተችው፣ ያ የእናት ታሪክ ነው። እህትና ወንድም ግን በታሪኩ ውስጥ «የምታግዘው ልጅ» ናቸው። ሌሊት እሱ ሲነቃ አብራ የምትነቃዋ ማን ናት? አንድ ክፍል የሚተኙ ከሆነ...

ቆይ፣ ወደ መያዙ ልመለስ። የሚበላሸው እዚህ ነው። አክስት ትመጣለች፣ ቀና ሰው ናት፣ «ዛሬ እኔ አጥበዋለሁ፣ አንቺ አጥኚ» ትላለች። ገላ መታጠብ! ውሃ፣ ሳሙና፣ ዓይን ውስጥ አረፋ፣ አዲስ እጅ። ልጁ ይራገጣል፣ አክስት ትረጥባለች፣ እህት ደብተሯን ጥላ ትሮጣለች፣ እና ያ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፦ «ከእሷ በቀር አይሆንለትም»። ልጅቱን አስሮ የሚያስቀራት ይሄ ነው።

ርክክብ ከጫፉ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ አክስት ምንም ሳትነካ አጠገብ ትቀመጥ። ከዚያ የመጨረሻውን ቀላል ነገር ብቻ ትውሰድ፣ ፎጣውን ማቀበል። እሱ ሲለመድ ካልሲ፣ ከዚያ ልብስ፣ እንዲህ እያለች ወደ ኋላ። ፀጉር ማጠቡ መጨረሻ። እህት ደግሞ በየደረጃው አንድ እርምጃ ወደ በሩ። ተደብቃ መውጣት ግን የለም፤ አንዴ ከተሰወረችበት ከዚያ በኋላ በሩን ሲጠብቅ ይውላል።

ፈተናው አለ ደግሞ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ነው የሚፈተኑት፣ ስልክ ክልክል ነው። ድምፅዋን እንኳ አይሰማም። አስቀድማ ድምፅዋን ቀድታ መተው ትችላለች። ካላንደር ላይ የምትመለስበት ቀን ላይ ፎቶዋን ለጥፎ በየማታው አንድ ቀን ማጥፋት ይቻላል። ደግሞ የምትሄድበት ቀን ቀድሞ ከተነገረው እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ አለ፣ ለእሱ ዋዜማው ይበቃል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው... እሷ ናት። አያችሁ? የርክክቡንም ዕቅድ የምታወጣው እሷው!

አላውቅም። አንዳንዴ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «አልችልም» ማለት ይፈቀድላታል ወይ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ስትስቅ አያታለሁ፣ ባጃጁ ውስጥ እሱ የሆነ ነገር አሳይቷት ከልቧ ትስቅ ነበር፣ እና እኔ ምን አገባኝ፣ ማን ሸክም ነው አለኝ?

እሱስ? ማን እንዲይዘው ነው የሚፈልገው? መጠየቅ ይቻላል እኮ። ሁለት ፎቶ ማስቀመጥ፣ የአክስትና የእህት። አንዴ ጠይቃችሁ እንዳትጨርሱ ግን፣ ሁሌ የቀኙን ብቻ የሚያነሳ ልጅ አለ፤ ቦታቸውን እየለዋወጣችሁ፣ በተለያየ ቀን። እና በየቀኑ የእሷን ቢያነሳስ? ፈተናዋን እያጠናች ያንን ምን ታደርገዋለች... መንገር አለባት ወይስ...

ላፕቶፑ 6 ፐርሰንት ይላል፣ መብራቱም አልመጣም። የአክስቲቱን ነገር ግን...