ከግራፊክ ዲዛይን ወደ ዩኤክስ፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። ስምንት ዓመት በግራፊክ ዲዛይን ተዳድሬያለሁ፤ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ አርማ፣ የዕቃ ማሸጊያ እሠራለሁ። አሁን ወደ ተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን፣ ዩኤክስ ወደሚሉት፣ መተግበሪያና ድረ ገጽ ለተጠቃሚው እንዲቀል አድርጎ ወደሚነድፈው ሙያ መዞር አስቤያለሁ። ፊግማ የሚባለውን የመተግበሪያ ገጽ መንደፊያ ሶፍትዌር ብማር ይበቃኛል? የለፋሁበት ስምንት ዓመትስ ከንቱ ሊቀር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፊግማ አያሳስብዎት። የግራፊክ መሥሪያውን ሶፍትዌር ኢሉስትሬተርን የለመደ እጅ ቶሎ ይለምደዋል፤ ለጀማሪ የሚበቃ ነጻ አማራጭም አለው። ከባዱ የዳኛው መቀየር ነው። የሠርግ ካርዱን ሙሽሮቹ «አምሯል» ካሉ ሥራው አለቀ። እዚህ ግን የሚፈርደው ስልኩን ይዞ ግራ የሚጋባው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ውበቱ ምንም አይልዎትም።

አንድ ጊዜ የሠራነውን የክፍያ መተግበሪያ አንዲት እናት እንዲሞክሩልን ለመንን። የተቀባዩን ቁጥር አስገቡ፣ መጠኑን ጻፉ፣ «ቀጥል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ምነው ስላቸው «ይህን ስነካው ብሩ ይሄዳል ወይስ ገና ይጠይቀኛል?» አሉኝ። የዚያን ቁልፍ ቀለም ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጅቼ ነበር። ቀለሙን አልነካነውም፤ ቃሉን «ከመላክዎ በፊት ይመልከቱ» በሚል ተካነው።

ስምንት ዓመትዎ ግን ብዙ ያተርፍልዎታል። «በ» እና «ቡ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት መሆኑን፣ ፊደሉ ሲያንስ ያች ጭረት እንደምትጠፋ እርስዎ ያውቃሉ፤ ላቲን ብቻ የለመደ ዲዛይነር አያውቅም። በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን የሚለው ዓለም አቀፍ መመሪያም፣ ባነር ለሠራ ዓይን እንግዳ አይሆንበትም።

ለፖርትፎሊዮዎ፣ ማለትም ለቀጣሪ ለሚያሳዩት የሥራ ስብስብ፣ የታዋቂ መተግበሪያዎችን ገጽ አስውበው አይደርድሩ፤ ቀጣሪ በዚህ ሰልችቷል። አጠገብዎ ያለ ችግር ይውሰዱ። ለምሳሌ የክሊኒክ የቀጠሮ መልእክት «9:00» ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ታካሚው ግን ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ይመጣል። ወይም አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያሳይ ቅጽ፣ ጳጉሜን ለተወለደ ሰው ምን ብሎ ይሞላል? የአያት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም የሚጠይቀውንም አይርሱ። አምስት ሰዎች አጠገብ ይቀመጡና ሲሞሉ ዝም ብለው ይመልከቱ። የአጠቃቀም ቀላልነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው፣ አብዛኛውን ችግር ለማግኘት አምስት ሰው ይበቃል። የመጀመሪያ ሐሳብዎ የት እንደከሸፈ ሳይደብቁ ይጻፉ፤ እኔ ሰው ስቀጥር መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። የቴአትር ተመራቂ ነኝ፤ መሳል ግን አልችልም። ይህ ሙያ ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እንጂ! «የተጠቃሚ ተሞክሮ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፕል ውስጥ ሆኖ ያስፋፋው ዶን ኖርማን የሥነ ልቦና ሰው እንጂ ሠዓሊ አይደለም። ገጸ ባሕርይ ያጠና ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ጎበዝ ነው፤ የሰውን ዝምታም ያነባል። ከተጠቃሚ ጥናትና ከመተግበሪያ ጽሑፍ ቢጀምሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ። 41 ዓመቴ ነው፤ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሥራዬን ትቼ የስድስት ወር ሥልጠና ልግባ?

መልስ፦ አይተዉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ብዙ ሠራተኛ ቀንሰዋል፤ የጀማሪ ቦታ ጠባብ ነው፤ የምስክር ወረቀት ብቻውን በር አይከፍትም። ደንበኞችዎ ቀን የሚይዙበትን፣ ፎቶ የሚመርጡበትን መንገድ በራስዎ ድረ ገጽ ላይ እንደ አዲስ ይሥሩት። ሥልጠናውን በማታ ይከታተሉ፤ የቅዳሜውን ሠርግ ግን ማንሳትዎን ይቀጥሉ።