ታሽጎ የሚያድር ጠጠር፦ የሆኒንቦ ማዕረግ

ሰላም አድማጮች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሆኒንቦ ነው የማወራችሁ፤ በጃፓን የጎ ጨዋታ ከማዕረግ ውድድሮች ሁሉ አንጋፋው ነው።

ጎን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ 19 መስመር ወደ ታች፣ 19 ወደ ጎን ተሰምሯል፤ መስመሮቹ 361 ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ጥቁርና ነጭ በየተራ አንዳንድ ጠጠር እዚያ ያስቀምጣሉ። የተቀመጠ ጠጠር ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ዙሪያው ተዘግቶ መተንፈሻ ካጣ ግን ይነሳል። ሰፊ ቦታ የከለለ ያሸንፋል። ጥቁር ስለሚጀምር ይጠቀማል፤ ለማካካሻ ዛሬ በጃፓን ነጭ 6.5 ነጥብ ያገኛል። ግማሿ አቻ እንዳይኖር ናት።

ሆኒንቦ መጀመሪያ ጎ የሚያስተምር ቤት ስም ነበር፤ አለቅነቱም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፍ ነበር። 21ኛውና የመጨረሻው የቤቱ አለቃ ሹሳይ ስሙን ለጃፓን ጎ ማኅበር ለኒሆን ኪኢን አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ ማዕረጉ በጨዋታ የሚገኝ ሆነ። በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሴኪያማ ሪኢቺ የመጀመሪያው አሸናፊ ሆነ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። በኋለኞቹ ዓመታት፣ እስከ 2023 ድረስ፣ የፍጻሜው እያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 8 ሰዓት ይሰጥ ነበር፤ ከ7 ጨዋታ 4 ያሸነፈ ማዕረጉን ይወስድ ነበር። ችግሩ ሌሊቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሲያበቃ ተራው የአንዱ ነው፤ ሰዓቱ ቆሞ እሱ እስኪነጋ ቢያስብ፣ ያልተቆጠረ ጊዜ በነጻ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ባለተራው ቀጣዩን ቦታ ወረቀት ላይ ያመለክታል፤ ተጋጣሚው አያየውም። ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፣ ዳኛው ዘንድ ያድራል። ጠዋት ሁለቱ የትናንቱን ጨዋታ ከመጀመሪያው ጠጠር ጀምረው መልሰው ይደረድራሉ፤ ከዚያ ፖስታው ይከፈታል። አንዱ የጻፈውን ያውቃል ግን መለወጥ አይችልም፤ ሌላው ያስባል ግን የትኛውን እንደሚያስብ አያውቅም። እንደ እኔ ከዚህ የተሻለ ፍትሐዊ ዘዴ ማሰብ ያስቸግራል።

ቀዳዳ ግን አለው። በ1938 ሹሳይ ከኪታኒ ሚኖሩ ጋር የስንብት ጨዋታውን ሲጫወት ለእያንዳንዳቸው 40 ሰዓት ተሰጥቶ ነበር። ጨዋታው ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ተጓተተ። ኪታኒ 121ኛውን ጠጠር ሲያሽግ ዋናውን ውጊያ ትቶ ሌላ ስፍራ ላይ፣ መልሱ ግልጽ የሆነ ቦታ ጻፈ። እንዲህ ያለው ጠጠር ሲታሸግ ተጋጣሚ ግዴታ መልስ ይሰጣል፤ ያሸገው ሰው ደግሞ ዋናውን ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ አስቦበት ይመጣል። ሹሳይ እጅግ ተቆጥቶ እንደነበር ይነገራል፤ በ5 ነጥብም ተሸነፈ። ደንቡ አልተጣሰም። ቢሆንም የማሸጉን ዓላማ የሚያፈርስ ይመስለኛል።

ጠዋት ጠዋት መልሶ መደርደር ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ የሚያሳየው የ1945ቱ ጨዋታ ነው። ሃሺሞቶ ኡታሮና ኢዋሞቶ ካኦሩ ለሆኒንቦ ማዕረግ ሁለተኛውን ጨዋታ ከሂሮሺማ ወጣ ባለችው ኢትሱካኢቺ ይጫወቱ ነበር። ሦስተኛው ቀን ነሐሴ 6 ነው፤ በፈረንጆቹ። ጠጠሩን ደርድረው ገና ሊቀጥሉ ሲሉ አቶሚክ ቦምቡ ፈነዳ። መስኮቱ ረገፈ፣ ጠጠሩ ተበተነ። ክፍሉን ጠርገው፣ ሰሌዳውን እንደነበረ መልሰው ቀጠሉ፤ ሃሺሞቶ በነጭ በ5 ነጥብ አሸነፈ። የዳኛው የሴጎኤ ኬንሳኩ ልጅ ከሂሮሺማ ሟቾች አንዱ ነበር። ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ከዚያ በኋላ የነገሡት፦ ታካጋዋ ካኩ 9 ጊዜ በተከታታይ፣ ሳካታ ኤኢዮ 7፣ ቾ ቺኩን ከ1989 እስከ 1998 ድረስ 10፣ ኢያማ ዩታ ከ2012 ጀምሮ 11። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የቾ 1992 ነው። በኮባያሺ ኮኢቺ 3 ለ 0 ተመርቶ፣ አራቱን ተከታታይ አሸንፎ ማዕረጉን አስጠበቀ። ኮባያሺ ሦስት ዓመት ተከታታይ ገጥሞት ሦስቴም ተሸንፏል።

በ2023 ኢቺሪኪ ሪዮ ኢያማን 4 ለ 3 አሸንፎ ሰንሰለቱን በጠሰው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ፍጻሜው የአምስት ጨዋታ፣ የአንድ ቀን፣ ለእያንዳንዱ 3 ሰዓት ሆነ፤ ሽልማቱም ከ28 ሚሊዮን የን ወደ 8.5 ሚሊዮን ወረደ። የገንዘቡ ጉዳይ ይገባኛል፤ ጋዜጣ የሚደጉመው ውድድር ነው። የሚያሳዝነኝ ፖስታው መቅረቱ ነው። በ3 ሰዓት ያንን ጥልቀት ማግኘት አይቻልም።

የድሮዎቹን ጨዋታዎች መዝገብ ካገኛችሁ፣ የታሸገውን ጠጠር ቁጥር ፈልጉ። እዚያ ስትደርሱ አቁሙና እናንተ ብትሆኑ የት እንደምታስቀምጡ ጻፉ፤ ቀጣዩን በማግስቱ ክፈቱት።