እርሾ የሚጠብቅ እጅ

በጎንደር ለሕክምናና ለባዮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሆስፒታል ባልደረቦቼ፣ ከክፍልና ከዋርድ በቀጥታ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ስቴም ሴል እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አዘዞ ያለው የቤታችን ጓዳ ነው። እናቴ ሊጥ የምታቦካበት ዕቃ አፉ በጨርቅ ታስሮ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር። እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ዕቃውን አሟጥጣ አታውቅም፤ ጥቂት እርሾ ታስቀራለች። ያቺ ጥቂት ቀጣዩን ሊጥ ታነሳለች፤ ከቀጣዩም ደግሞ ጥቂት ይቀራል። የእኛ የተበላሸ ዕለት ከጎረቤት እናመጣለን፤ የጎረቤት ሲበላሽ ከእኛ ይወሰዳል። ያ እርሾ ከመቼ ጀምሮ እንደመጣ በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስቴም ሴል፣ አንዳንዶቻችን ግንደ ሕዋስ የምንለው፣ ሥራው ይኸው ነው። ሲከፋፈል ከፊሉ ወደ ሥራ ይሰማራል፤ ደም ይሆናል፣ ቆዳ ይሆናል፣ የአንጀት ሽፋን ይሆናል። ከፊሉ እንደነበረ ሆኖ ለነገ ይቀራል። አሁን እዚህ በተቀመጣችሁበት መቅኔያችሁ ውስጥ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል እየተሠራ ነው። የአንዱ ቀይ ሴል ዕድሜ 120 ቀን ያህል ነው፤ ያለቀው የሚተካው ከዚያ ካልተሟጠጠው እርሾ ነው።

ብዙዎቻችሁ በኢሜይልም በአካልም የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ «ስቴም ሴል መሥራት እፈልጋለሁ፣ ወዴት ልሂድ?» ወዴት የሚለውን ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ሥልጠናው ራሱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔ ስሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረምና። በንባብ የሚያልቅ መስሎኝ ሄጄ የእጅና የዓይን ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። እጅና ዓይን ደግሞ ጎንደር ላይ መሠልጠን ይችላሉ። ዛሬ የመጣሁት ይህን ልነግራችሁ ነው።

ለሦስተኛ ዲግሪ በገባሁበት ላቦራቶሪ ስቴም ሴሎቹን የምትጠብቅ አንዲት አንጋፋ ቴክኒሽያን ነበረች። ፈሳሽ መቅጃውን ፒፔት ሳታስይዘኝ ሦስት ሳምንት ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጠችኝ። በየጠዋቱ ሴሎቹ በሙቀት ከሚያድጉበት ሳጥን፣ ከኢንኩቤተሩ፣ አንድ ሳህን ታወጣና «ከነዚህ ውስጥ ሊሄድ የተነሳው የቱ ነው?» ትለኛለች። የጤነኛው ኮሎኒ፣ ማለትም አብሮ ያደገው የሴል ክምችት፣ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሴሎቹ እንደ ጤፍ ፍሬ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጂኖቹን የያዘው እምብርት፣ ኒውክሊየሱ፣ ቦታውን ሁሉ ይዞታል። መለወጥ የጀመረው ኮሎኒ ዳር ዳሩ ይሳሳል፤ ሴሎቹ ይለጠጣሉ፣ ይራራቃሉ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንዱን በጣቴ ጠቆምኩ። ጎንበስ ብላ አየችና «አዎ፣ ትናንት ሚዲየም ዘግይቶበታል» አለችኝ፤ ሚዲየም ሴሎቹ የሚመገቡት ፈሳሽ ነው። ሥልጠናዬ የጀመረው ያን ቀን ነው።

እነዚህ ሴሎች በ37 ዲግሪ፣ 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት አየር ይኖራሉ። ሚዲየማቸው በአብዛኛው በየቀኑ ይቀየራል፤ እሑድ የለ፣ ዓመት በዓል የለ። በየጥቂት ቀኑ ወደ አዲስ ሳህን ይከፋፈላሉ፤ ከዘገየባቸው ይጨናነቁና ወይ ይሞታሉ ወይ መለወጥ ይጀምራሉ። ጥር 11 ቀን፣ እዚህ ፋሲል መዋኛ ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ አድሮ ውሃው ሲረጭ፣ እኔ ጓንት አጥልቄ ሚዲየም ስቀይር ነው ያረፈድኩት። አምስት ጥምቀት እንዲያ አለፈኝ። ከብት ያለበት ቤት ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ላም በዓል ነው ተብላ ሳትታለብ አታድርም። ያ ልማድ ያላችሁ ልጆች ለዚህ ሙያ ቅርብ ናችሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ነገር ተማርኩ። ውጤቴ አምሮ ነበር፤ ከዚያ ሴሎቼ ምክንያቱ ሳይታወቅ እድገታቸው ቀዘቀዘ። ሲመረመር ማይኮፕላዝማ ተገኘ። ይህ ባክቴሪያ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ሚዲየሙን አያደፈርስም፣ በዕለት ተዕለት በምናይበት ማይክሮስኮፕ አይለይም፣ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። የሴሉን ጠባይ ግን ይለውጣል። የአራት ወር ሥራዬ የሴሉ ይሁን የባክቴሪያው መለየት አልተቻለም። ያን ሌሊት «ማንም ሳያውቅ ልጣላቸውና ከጓደኛዬ አዲስ ልውሰድ» የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ጠዋት በስብሰባው ላይ ተናገርኩ። የሁሉም ሰው ሴል ተመረመረ፤ የሁለት ተማሪዎች ሴል እንደኔው ሆኖ ተገኘ። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ የእነሱም ዓመት ከእኔ ጋር ይሄድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ከደቡብ ኮሪያ የወጡ ሁለት ጽሑፎች በክሎኒንግ ከተገኘ የሰው ፅንስ ስቴም ሴል አውጥተናል ብለው ዓለምን አስደንቀው ነበር። መረጃው የተፈበረከ መሆኑ ታውቆ በ2006 ተሰረዙ። በዚያ መካከል ያልነበረን ነገር እደግማለሁ ብሎ ወራቱን የፈጀውን ተማሪ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ደብተራችሁን በእስክሪብቶ ጻፉ። ያልሠራውንም ጻፉ።

ስለ ዘዴ ሲነሳ ሁልጊዜ የማወራው በጃፓን፣ ኪዮቶ የተሠራውን ሥራ ነው። ጆን ገርደን እ.ኤ.አ. በ1962 ከእንቁራሪት እጭ አንጀት የወሰደውን ኒውክሊየስ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ እንስሳ ማሳደጉን ካሳየ ወዲህ፣ ሥራ የያዘ ሴል ወደ ልጅነቱ ሊመለስ እንደሚችል ፍንጭ ነበረ። ምን እንደሚመልሰው ግን አይታወቅም። የኪዮቶዎቹ ሺንያ ያማናካና ካዙቶሺ ታካሃሺ 24 ጂኖች መረጡ። አንድ በአንድ ሲሞክሯቸው ምንም የለም። ሃያ አራቱን በአንድ ላይ ፋይብሮብላስት ወደሚባሉ ሥራ የያዙ የአይጥ ሴሎች ሲያስገቡ እንደ ስቴም ሴል ያለ ኮሎኒ ወጣ። ከዚያ በተራ አንድ አንዱን እያስቀሩ «የቱ ሲጎድል ኮሎኒው ይቀራል?» ብለው ጠየቁ። መጨረሻ ላይ 4 ብቻ በቁ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ታየ፤ ያማናካና ገርደን በ2012 ኖቤል ተሸለሙ። የታካሃሺ ስም ብዙ አይነሳም። ያማናካ ዘንድ የገባው ተማሪ ሆኖ ነበር፤ ሳህኖቹ ላይ ጎንብሶ የዋለው እሱ ነው። እናንተን ሳይ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ ያልጠበቅሁት ጥያቄ የመጣው ከጎረቤት ነው። መራመድ ያልቻለ ልጅ ያላቸው አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ። በውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ ስቴም ሴል በመርፌ ሰጥቶ ሁሉንም በሽታ አድናለሁ ይላል። «ልጄ፣ ቤቱን ሸጬ ልውሰደው?» አሉኝ። ቁጭ ብዬ የማውቀውን ነገርኳቸው። የደም ካንሰርን ለመሰሉ በሽታዎች መቅኔ መስጠት ለአሥርተ ዓመታት የተሠራበት ሕክምና ነው፤ ዶናል ቶማስ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል ተሸልሞበታል። በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ቀይ የደም ሴሉ ማጭድ የሚመስልበትን የሲክል ሴል ሕመምተኛ የራሱን ስቴም ሴል ወስዶ፣ ጂኑን አርሞ የሚመልስ ሕክምና ፈቅደዋል፤ ሲፈቀድ በአሜሪካ ዋጋው ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለእሳቸው ልጅ ሕመም ግን የተረጋገጠ ነገር አላገኘሁላቸውም፤ ይህንንም አልደበቅኋቸውም። ብዙ አለቀሱ። ቤታቸውን አልሸጡም። ይህን ትምህርት ስትይዙ በየሰፈራችሁ «እውነት ነው ወይ?» ተብላችሁ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ፤ ለዚያች ሰዓት ተዘጋጁ።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ያ ትምህርት ቤት ተማሪውን በሽታው ወዳለበት ገጠር እየላከ ነው ያሠለጠነው። እኔም ለእናንተ የምመኘው ይህንኑ ነው።

ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ የሚመለሱ ወጣቶች በካላ አዛር፣ በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፍ የተህዋሲ በሽታ፣ ተይዘው እዚህ ይመጣሉ። ከስተው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጣፊያቸው በእጅ እስኪያዝ አብጦ። ቀይ ደማቸውም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌታቸውም ያንሳል፤ ተህዋሲው መቅኔ ውስጥ ስለሚሰፍር። ለምርመራ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ይቀዳላቸዋል። ታክመው ይድናሉ፤ ከዚያ በተለይ ኤችአይቪ ያለባቸው ዘንድ በሽታው ደጋግሞ ያገረሻል። የት ተደብቆ ይቆያል? እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤልጂየም፣ ከአንትወርፕ የወጣ ጥናት፣ በአይጦች ላይ፣ ተህዋሲው ረጅም ዕድሜ ባላቸው የደም ስቴም ሴሎች ውስጥ መድኃኒቱን አሳልፎ እንደሚቆይ አሳይቷል። እርሾው ውስጥ ገብቶ ማለት ነው። አይጦቹ አንትወርፕ ነበሩ፤ ሕመምተኞቹ ግን እዚህ ከእናንተ ዋርድ ተኝተዋል። ከስነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አግኝታችሁ፣ ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ አስረድታችሁ፣ ለምርመራ ከተቀዳው መቅኔ የምትተርፈውን ጠብታ ብታጠኑ፣ ይህ ጥያቄ ለማስተርስም ለፒኤችዲም ይበቃል። እኔ ብሆን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ፍለጋ ባሕር አልሻገርም።

ጣፊያን ካነሳን፣ የደም ስቴም ሴል ጥናት የተነሳውም ከጣፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ ሐኪሙ ማካሎክና የፊዚክስ ሰው የሆነው ቲል፣ መቅኔያቸው በጨረር ለጠፋ አይጦች የሌላ አይጥ መቅኔ ሰጥተው፣ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ጣፊያቸው ላይ የወጡትን እብጠቶች ቆጠሩ። እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሴል የተነሳ ነበር። ሐኪምና የፊዚክስ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ያ ቆጠራ አይሆንም ነበር። የሕክምና ተማሪዎች፣ ከስታቲስቲክስና ከኮምፒውተር ክፍል አንድ አንድ ወዳጅ ያዙ።

ወዴት ለሚለው ባጭሩ። አሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ትቀበላለች፤ 5 ወይም 6 ዓመት ይወስዳል፤ በሕይወት ሳይንስ ብዙውን ጊዜ ክፍያው ተሸፍኖ የወር አበል አለው፤ በብዙ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላቦራቶሪ ዞራችሁ ትመርጣላችሁ። አውሮፓ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃል፤ 3 ወይም 4 ዓመት ነው። የላቦራቶሪውን ዝና ትታችሁ አማካሪውን መርምሩ። አሁን ያሉትን ተማሪዎቹን ብቻቸውን አናግሩ፤ «ስትሳሳቱ ምን ይላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ላይ ቢያመነቱ ሌላ ፈልጉ።

የቀረው ስለ ዕቃ ነው። ሚዲየሙ ውድ ነው። ሴል በረዶ ሆኖ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቆየት አለበት። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ ኢንኩቤተሩ ይበርዳል። ይህን ሁሉ እኔም እዚሁ እየኖርኩበት ነው። ነገር ግን ስቴም ሴል ሲሠራ ለማየት ኢንኩቤተር የማይፈልግ እንስሳ አለ። ፕላናሪያ ይባላል፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር የሚኖር፣ የጥፍር ያህል ጠፍጣፋ ትል ነው። ለሁለት ቢቆረጥ ራሱ ጭራ ያወጣል፣ ጭራው ራስ ያወጣል። ይህን የሚሠሩለት ኒዮብላስት የሚባሉ ስቴም ሴሎች በሰውነቱ ሁሉ ተበትነው ስላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ስቴም ሴሎቹ በጨረር ለጠፉበት ትል ከሌላ ትል አንድ ኒዮብላስት ብቻ ሰጥተው ከሞት መልሰውታል። ከዚህ ወገን አንዱ ዝርያ ደግሞ ከጣና የተገኘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ዱጌሲያ ኤቲዮፒካ ተብሎ በአገራችን ስም ተመዝግቧል። ለማርባት ንጹሕ ውሃ፣ ጨለማ ቦታ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ቁራጭ ጉበት ይበቃዋል። ከበላ በኋላ ውሃውን መቀየር አትርሱ።

ከአዳራሹ በስተኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳህኖች አሉ። ትሎቹን ጎርጎራ ዳር ከድንጋይ ሥር የለቀምናቸው ናቸው፤ ዝርያቸውን ገና እያጣራን ነው። በመጀመሪያው ሳህን ያሉት ያልተነኩ ናቸው። በሁለተኛው ያሉትን ዛሬ ጠዋት ቆርጫቸዋለሁ። የሦስተኛው ከተቆረጡ ዛሬ 7 ቀናቸው ነው፤ ራስ ያልነበራቸው ቁራጮች ፊታቸው ላይ ነጣ ያለ ሥጋ አብቅለዋል፣ እዚያ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ ዓይኖቻቸው ናቸው። ማይክሮስኮፑ በርቷል። ሳህኑን ሳትነቀንቁ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ተራ በተራ እዩ። ቅዳሜ የሚመግባቸው ሰው እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ከሳህኖቹ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ።

አመሰግናለሁ።