«እንደ» ካለ አነጻጻሪ ነው?

እሺ... ዛሬም ወደዚያው ወደ «እንደ» ልመለስ ነው። ታውቁኛላችሁ፣ ይሄ ነገር አይለቀኝም። ተማሪው «እንደ» ያየበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ አነጻጻሪ ዘይቤ፣ ማለትም አንዱን ነገር በሌላው የሚያመሳስል አነጋገር፣ ብሎ ያልፈዋል። «ልጁ እንደ አባቱ ገበሬ ነው» በሉ እስቲ። ምን ዘይቤ አለው? ምንም። አባትም ልጅም ገበሬ ናቸው፣ አለቀ። «ልጁ እንደ አንበሳ ነው» ስትሉ ግን ሰውና አውሬ፣ ዘራቸው የማይገናኝ ሁለት ነገሮች፣ በጀግንነት ብቻ ተገናኙ። አነጻጻሪ ማለት እሱ ነው። «እንደ»ን አውጡት፤ «ልጁ አንበሳ ነው»፣ ተለዋጭ ሆነ፤ አንዱን በቀጥታ ሌላው ነው ማለት። ልጁንም አውጡት፤ «አንበሳው መጣ»። አሁንም ተለዋጭ ነው፣ አንበሳው ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር ብቻ ነው። ያንን ቆርጦ ጥሎ አንዷን መስመር ብቻ ፈተና ላይ የሚያወጣ ሰው... ተዉት፣ እሱ ያናድደኛል።

ወደ ዓባይ ልሂድ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» ምን ዘይቤ ነው? ሰውኛ፣ ይላል የፈተናው መልስ፤ ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ። ልክ ነው፣ ማደሪያ ማጣት የሰው ነው። ግን ቀስ ብላችሁ ድገሙት። «ማደሪያ የለው»... ሰውኛ። «ግንድ ይዞ»... ቆይ፣ ክረምት ላይ ዓባይ በእውነት ግንድ ይዞ ይወርዳል እኮ! ይሄኛው ዘይቤ አይደለም፣ ዓይን ያየው ነው። ከዚያ «ይዞራል» ይመጣና ያው እውነተኛ ግንድ የመንገደኛ ጓዝ ይሆናል። በአንድ ግስ! እንዴት ያምራል። ደግሞ ቤት አጥቶ ዕቃውን ተሸክሞ ለሚንከራተት ሰው ብትተርቱት፣ ተረቱ በሙሉ ተለዋጭ ነው፤ ዓባይ ያ ሰውዬ ነው። «አንተ ዓባይ፣ ማደሪያህ ወዴት ነው?» ብላችሁ ወንዙን እንደሚሰማ ብትጠሩት ደግሞ እንቶኔ የሚባለው ዘይቤ ነው። ታዲያ አንዱን ብቻ ክበቡ ሲባል የትኛውን? እኔ ሰውኛን እከብ ነበር፣ ምክንያቱም... አይ። ሲተረት የሰማው ሰው ተለዋጭን ቢከብ ምን ብዬ እነሣበታለሁ?

ሰምና ወርቅ ላይማ ይብሳል፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ፣ ወርቁ የተሰወረው። «ልጁ ዳኛው ፊት ቆሞ ተማረ።» ሰሙ ትምህርት ቀሰመ፣ ወርቁ ምሕረት አገኘ። ሁለቱም በ«ተማረ» ይሄዳሉ። አሁን «ብዙ ተማረ» በሉ። ሰሙ እንደቆመ ነው፣ ወርቁ ወደቀ፤ ብዙ ምሕረት ማግኘት «ብዙ ተማረ» አይባልማ። አንድ ትርፍ ቃል ኅብሩን፣ ሁለቱን ፍቺ የያዘውን ቃል፣ ይሰብረዋል። ቅኔ ቤት ጀማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው አጭር ቅኔ፣ በሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ሲጀምር፣ ቦታው ስለሚጠብበት ትርፉ ቃል ቶሎ ይታያል፣ ይመስለኛል። እና ይሄን የሚያህል ነገር በዘይቤዎች ዝርዝር ውስጥ ከግነትና (አጋንኖ ከመናገር) ከምጸት (በተቃራኒው ከመናገር) ጋር በአንድ ተራ ማሰለፍ... ዘይቤ ነው እንዴ? ሰሙ ውስጥ እኮ ሰውኛም ግነትም መግባት ይችላል። ከገባ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ...