ዛሬ ግማሹን ነው የበላው

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ስል፣ ዳማ ከጎኔ አለ። ዳማ ድመቴ ነው። ስሙን ያወጣሁለት በቀለሙ ነው። 9 ዓመቱ ነው። መሀል ላይ የሚያንኮራፋ ነገር ከሰማችሁ እሱ ነው።

ነገ ጠዋት ጉዞ አለኝ። 10 ቀን ከቤት እርቃለሁ። ትናንት ማታ ሻንጣዬን ሳወርደው መጥቶ ውስጡ ገብቶ ተኛ። ልብሴን በእሱ ዙሪያ እያጠፍኩ ደረደርኩ። እንስሳ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ስሜት ታውቁታላችሁ። ገና ሳትሄዱ ሆዳችሁ ይባባል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አደራ ላውራችሁ። እኛ በሌለንበት እንስሳችንን የሚጠብቅልንን ሰው እንዴት ነው የምንመርጠው? እኔ ይሄን የተማርኩት ዳማን ልገድለው ደርሼ ነው።

ከ6 ዓመት በፊት ነው። ለሥራ 8 ቀን መሄድ ነበረብኝ። አንድ የማውቀው ሰው «ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ እያየሁልሽ» አለኝ። እንስሳ የሚወድ ሰው ነው። ቤት በመጣ ቁጥር ዳማን አንስቶ ያቅፈዋል፣ ይስመዋል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ሰጠሁት። በነፃ ነበር፤ ውለታ ነው። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩትም። ውለታ የሚውልልን ሰው ላይ ጥያቄ ማብዛት ይከብዳል። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በየቀኑ መልእክት ይልክልኛል። «ሰላም ነው፣ አታስቢ።» ከሥሩ ፎቶ። በማግስቱም «ሰላም ነው፣ አታስቢ።» በስድስተኛው ቀን ሆቴል ውስጥ ተኝቼ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ እያየሁ ነበር። የሁለተኛው ቀንና የአምስተኛው ቀን ፎቶ አንድ ነው። ዳማ የተኛበት ብርድ ልብስ እጥፋቱ ሳይቀር አንድ ነው። ልቤ ደነገጠ። ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ። አልደወልኩም።

ስመለስ ሳህኑ ሙሉ ነበር። ላዩ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ዳማ አልጋ ሥር ነው። ጎትቼ ሳወጣው ቀሎኛል። ሐኪሙ ጆሮውን ገልብጦ አሳየኝ። ውስጡ ቢጫ ሆኗል።

ድመት እንደ ውሻ አይደለም፤ ለጥቂት ቀናት እህል ካልቀመሰ ጉዳት ላይ ይወድቃል። ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ያወጣና ወደ ጉበት ይልካል። ጉበቱ ደግሞ ያን ሁሉ ስብ ማስተናገድ አይችልም፤ ይሞላና ሥራውን ያቆማል። ወፈር ያለ ድመት ላይ ይብሳል። ዳማ ያኔ ወፍራም ነበር። ምግብ ያስተወው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አልናገርም። ባለቤት ሲጠፋ፣ ሰው ሲለወጥ፣ የቤቱ ሰዓት ሲዛባ ድመት ምግብ ይተዋል። ያ የተለመደ ነው። ያልተለመደው፣ አንድ ሰው በየቀኑ ሙሉ ሳህን እያየ «ሰላም ነው» ማለቱ ነው።

በአንገቱ ጎን ቀጭን ቱቦ ገባለት። ምግቡን በውኃ አቅጥኜ በስሪንጅ ቀስ አድርጌ እገፋለሁ። በቀን 4 ጊዜ። ትንሽ ከፈጠንኩ ይመልሰዋል። ስሪንጁን ይዤ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንቀመጣለን። አንድ ወር ከምናምን እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን ጠዋት ራሱ ተነስቶ ሳህኑን ላሰ። ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ሰውየውን ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለኝ። «ዛሬ ካልበላ ነገ ይበላል እያልኩ ነው።» እውነቱን ነው። ለእኔ አዝኖ ነው የደበቀኝ። መጥፎ ወሬ መንገር ከብዶት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ልጅ ለሰው ትታችሁ ብትሄዱ ስትመለሱ ይነግራችኋል። «አልሰጡኝም»፣ «ብቻዬን ነበርኩ» ይላል። እንስሳ ግን አፍ የለውም። የሆነውን የሚያውቀው አደራውን የተቀበለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ሰው በራሱ ላይ መመስከር የሚችል ሰው ነው። ሳህኑን ሰበርኩ፣ መድኃኒቱን አሳለፍኩ፣ በሩን ክፍት ተውኩ የሚል። እንስሳ መውደድ ጥሩ ነው፤ ያ ሰውም ይወድ ነበር።

ለሚቀጥለው ጉዞዬ በክፍያ የሚሠራ ሰው ፈለግኩ። ውለታ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ሲከፈል መጠየቅ ይቻላል። እሱም ሥራዬ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ማንም አይቀየምም።

ሦስት ሰው ቤት ጠራሁ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፦ «በእጅህ ላይ እያለ እንስሳ ታሞ፣ ጠፍቶ፣ ወይም ተጎድቶ ያውቃል? ምን አደረግክ?» የመጀመሪያው ሳያስብ «በፍጹም፣ እስካሁን ምንም ደርሶ አያውቅም» አለኝ። ለዓመታት ሠርቻለሁ ባለኝ በ5 ደቂቃው። ሁለተኛዋ የሌሎችን ጥፋት ነገረችኝ። ሦስተኛዋ ዝም አለች። ቆየት ብላ «ቸኮሌት ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼ ውሻ በላብኝ» አለች።

ነገሩን ከነዝርዝሩ አወራችኝ። ቦርሳዋን ወለል ላይ አስቀምጣ ነው። ቸኮሌት ውስጥ ቴኦብሮሚን የሚባል ነገር አለ። የውሻ ሰውነት እሱን ቶሎ ማስወገድ አይችልም፤ ልቡን ይመታዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ደወለች። ቀጥላ ባለቤቱ ጋ። ከዚያ መጠቅለያውን ከቆሻሻው ውስጥ አውጥታ ይዛ ሄደች፤ ሐኪሙ ስንት ግራም እንደበላና ምን ያህል ጥቁር ቸኮሌት እንደሆነ እንዲያውቅ። ውሻው ዳነ። «ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬን የማደርገው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ ቦርሳዋ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ስትገባ ነው የሰቀለችው። እኔ አላስተዋልኩም ነበር።

ያኔ ወሰንኩ ማለት እችላለሁ።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። ዳማን አልነካችውም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከእኔ ጋር ታወራለች፤ ዞር ብላም አላየችውም። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። መጥቶ ጫማዋን አሸተተ፣ እጇን አሸተተ፣ ሄደ። «በቃ፣ ለዛሬ ይበቃዋል» አለች። ከሦስቱ የመጀመሪያው ግን ገና እንደደረሰ ነበር አንስቶ ያቀፈው። እንስሳ በራሱ ጊዜ ይምጣ ብሎ መታገስ የሚችል ሰው፣ መድኃኒት ሲሰጠውም አይታገለውም።

ደግሞ ጠየቀችኝ። እኔ ካልኳት ይልቅ እሷ የጠየቀችኝ ይበልጣል። «ሲያመው ምን ያደርጋል? ሲፈራ የት ይደበቃል? አንቺን በስልክ ባላገኝሽ የሚወስነው ማነው? ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ቢል እስከ ስንት ድረስ እሺ ልበል?» የመጨረሻውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከባድ ጥያቄ ነው። ቁጭ ብዬ ለሐኪሜ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ እኔ ከሌለሁ ይህች ሰው ታምጣው፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን ወጪ እኔ እከፍላለሁ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለእህቴ ይደወል። እናንተም ዛሬውኑ ጻፉ። እናንተ አውሮፕላን ላይ፣ እንስሳው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መከራከር አይቻልም።

ከረጅሙ ጉዞ በፊት አንድ ሌሊት ብቻ ሄጄ ተመለስኩ። ለሙከራ ነው። ይሄን ሁሌም አድርጉ።

አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፌላታለሁ። ረጅም አይደለም። በትልቁ የጻፍኩት አንድ ነገር አለ፦ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ደጋግሞ እየወጣ፣ እያማጠ፣ ሽንት ጠብ ካላለው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ነው። ይዘጋል። ከተዘጋ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ጭንቀትም ያመጣዋል፤ እኛ ከቤት ስንወጣ ደግሞ ይጨነቃሉ። ሰው «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ከወረቀቱ ላይ ሌላው መስመር ፓራሲታሞል ነው። ለድመት መርዝ ነው፤ ግማሽ ፍሬም ይገድላል። ሆን ብሎ የሚመርዝ ሰው ፈርቼ አይደለም የጻፍኩት። ደግ ሰው ነው አሞት አይቶ አዝኖ የሚሰጠው። አበባም እንደዚያው። ስመለስ ደስ እንዲለኝ ብላ አበባ ልታስቀምጥልኝ ፈልጋ ነበር፤ ግን መጀመሪያ «የትኛው ይሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሊሊ የሚባለው አበባ ድመት ያለበት ቤት መግባት የለበትም። ብናኙ ፀጉሩ ላይ አርፎ ቢልሰው እንኳ ኩላሊቱ ይሞታል።

ውሻ ያላችሁ፣ የእናንተ ነገር ትንሽ ይለያል። ድመት ቤቱን ነው የሚይዘው፤ ከቤቱ ባታወጡት፣ ሰው ወደ እሱ ቢመጣ ይሻላል። ውሻ ብዙውን ጊዜ ሰው ካለ ሌላ ቤትም ይለምዳል። የእህቴ ውሻ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን በየ12 ሰዓቱ ይወጋል። እህቴ ጠባቂዋን መርፌውን በፊቷ አስሞላቻት። ካልበላ ዝም ብለሽ አትውጊ፣ ሐኪም ጠይቂ። አንዱን ካሳለፍሽ ደርበሽ አትስጪ። ይሄን በቃል ብቻ ተናግሮ መሄድ አይቻልም።

ካሜራስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አድርጉ፣ ግን ለሰውየው ንገሩት። ተደብቆ የተቀመጠ ካሜራ ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ እውነት የሚነግራችሁ ሰው አይኖራችሁም።

«ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ይባላል። እሱን ብንከተል ማንም ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። እኔ ጠባቂዬን ያመንኳት በአንድ ምሽት ነው። የረጅሙ ጉዞ ሦስተኛ ቀን ነበር። ስልኬ ጠራ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ቆሻሻ ላወጣ በሩን ስከፍት በእግሬ መሀል ወጣ። 10 ደቂቃ ሆኖታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲፈራ የት ነው የሚገባው?»

አስር ደቂቃ። ልብ በሉ፤ ራሴ ፈልጌ ላግኘውና ልንገራት ብትል ሌሊቱ ያልፍ ነበር። ቤት ውስጥ የለመደ ድመት ሲያመልጥ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይሄድም። እዚያው አካባቢ ጠባብና ጨለማ ቦታ ገብቶ ይለጠፋል። ስሙን ቢጠሩትም ድምፅ አያሰማም። ቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ አለው፤ ግን ያቺ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ነው የያዘችው። ያለበትን አታሳይም። ሰው አግኝቶት ሐኪም ጋ ሲወስደው ብቻ ነው የምትጠቅመው፤ እሱም የተመዘገበው ስልክ የሚሠራ ከሆነ።

«ዝቅ ብለሽ በባትሪ እይ፣ ዓይኑ ያበራል» አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች። ትንፋሿን እሰማለሁ። ከደረጃው ሥር፣ ከአሮጌ ሳንቃዎች ኋላ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ አየች። አልጎተተችውም። ሳህኑን አምጥታ ከፊቱ አስቀምጣ፣ የቤቱን በር ክፍት አድርጋ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አብሬያት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «ገባ» አለችኝ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም።

በማግስቱ የላከችልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። «ዛሬ ግማሹን ነው የበላው። 25 ግራም ቀርቷል። ሽንት 2 ጊዜ፣ ደህና ነው። ትናንት ደንግጦ ይመስለኛል። ማታ ካልበላ እደውልልሻለሁ።» ፎቶ አልነበረውም። እንደዚያ ቀን እንቅልፍ የወሰደኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ቁልፉን ልትወስድ ትመጣለች። ወረቀቱን አድሼዋለሁ፤ ኩላሊቱን እንዲደግፍለት ሐኪሙ ምግቡን ቀይሮለታል። ዳማ አሁን ተነስቷል። ሻንጣው ውስጥ ሊገባ እየሄደ ነው። እስኪ ላውጣውና በሩን ልዝጋ። ከጉዞ ስመለስ እንገናኝ።