የካንሳስ ስንዴ ድጎማ፦ ስሌቱ፣ ቅጾቹና ገንዘቡ የሚቀርበት ምክንያት

[ምስል፦ የደረሰ የስንዴ ማሳ፣ ምዕራብ ካንሳስ]

ተራኪ፦ በአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት በፈረንጆች 2018 መኸር የተዘራ ስንዴ የታጨደው በጁን 2019 ነው። ዋጋ በመውደቁ ከፌዴራል መንግሥት የመጣው ድጎማ ግን የተከፈለው ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ነበር። የስንዴ የገበያ ዓመት ከጁን 1 እስከ ሜይ 31 ስለሚቆጠር አማካይ ዋጋው ቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የዘርና የማዳበሪያ ብድራችሁን በዚህ ገንዘብ ለመክፈል አታቅዱ።

[ምስል፦ ስሌቱ በሰሌዳ ላይ]

ፒኤልሲ የሚባለው መርሐ ግብር ዋጋ ሲወድቅ የሚከፍል ነው። የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ለስንዴ ያስቀመጠው ማጣቀሻ ዋጋ፣ ማለትም ገበያው ከዚያ ሲወርድ ልዩነቱ የሚከፈልበት ዋጋ፣ በቡሼል 5.50 ዶላር ነበር፤ አንድ ቡሼል ስንዴ 27 ኪሎ ግድም ይመዝናል። የ2019 ምርት አማካይ ዋጋ 4.58 ዶላር ሆነ። ልዩነቱ 92 ሳንቲም ነው። አሁን 100 ቤዝ ኤከር (ድጎማው የሚሰላበት በመዝገብ የሰፈረ መሬት፤ አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ግድም ነው) ያለው፣ በመዝገብ ላይ በኤከር 40 ቡሼል የተያዘለት እርሻ እንውሰድ። የሚከፈለው ለ85 በመቶው ብቻ ነው፦ 85 ሲባዛ በ40፣ ሲባዛ በ0.92። ውጤቱ 3,128 ዶላር፤ ከዚያ ላይ በበጀት ሕግ ጥቂት በመቶ ይቀነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቤዝ ኤከር ላይ ነው። ቤዝ ዘንድሮ የተዘራው መሬት አይደለም፤ ቀደም ባሉት ዓመታት በተዘራው መሠረት በመዝገብ የሰፈረ ነው። በስንዴ ቤዝ ላይ ማሽላ ብትዘሩም ክፍያው በስንዴ ይሰላል። ቤዝ የሌለው መሬት ደግሞ ዳር እስከ ዳር ስንዴ ቢሆንም አንድ ሳንቲም አያስገኝም። መሬት ከመግዛታችሁ ወይም ከመከራየታችሁ በፊት ድጎማውን ከሚያስተዳድረው የፌዴራል እርሻ መሥሪያ ቤት፣ ከኤፍኤስኤ፣ የእርሻውን መዝገብ ማለትም የኤፍኤስኤ-156ኢዜድ ቅጂ ጠይቁ፤ የቤዙ መጠንና የተመዘገበው ምርት እዚያ ላይ አለ። ይህን ሳያዩ በኪራይ ዋጋ መስማማት ትልቅ ጥፋት ነው።

ሌላው አማራጭ፣ በካውንቲ (በወረዳ) ደረጃ የሚሰላው ኤአርሲ፣ የካውንቲውን የሰብል ገቢ ይከተላል። በረዶ የእናንተን ማሳ ብቻ ደብድቦ ካውንቲው ጥሩ ካመረተ ከዚህ ምንም አታገኙም። እንዲህ ላለው ጉዳት የሰብል ኢንሹራንስ መግዛት ግድ ነው።

[ምስል፦ የካውንቲው የኤፍኤስኤ ጽሕፈት ቤት፣ ቅጾች]

ገንዘቡን የሚወስደው ማነው? ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሁሉም ለአራሹ ነው። በሲሶ ከሆነ ሲሶው ለባለመሬቱ፣ ሁለት እጁ ለአራሹ ይሄዳል፤ ሁለቱም የድጎማውን ውል ይፈርማሉ። የኪራይ ውሉን በቃል ቀይራችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ካላሳወቃችሁ ክፍያው በአሮጌው ድርሻ ይወጣል፣ አለዚያም ይታገዳል።

ከድጎማው ውል በተጨማሪ ሦስት ቅጾች ያስፈልጋሉ። ሲሲሲ-902 እርሻውን ማን እንደሚመራና ማን ገንዘብና ጉልበት እንደሚያወጣ ይገልጻል። ሲሲሲ-941 አማካይ ገቢያችሁ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ ያረጋግጣል። ኤዲ-1026 ደግሞ በቀላሉ የሚሸረሸርና ረግረግ መሬትን ለመጠበቅ የምትገቡት ግዴታ ነው። ረግረግ አጠንፍፋችሁ ብታርሱ ድጎማው ይቆማል፤ ቦይ ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ። የተዘራውን ኤከር በየዓመቱ ማስመዝገብም አይቀርም፤ ለብዙዎቹ የፀደይ ሰብሎች የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው።

ከ2025 ምርት ጀምሮ የስንዴ ማጣቀሻ ዋጋ 6.35 ዶላር ሆኗል፤ የአንድ ሰው የዓመት ጣሪያም ከ125,000 ወደ 155,000 ዶላር ከፍ ብሏል።

ክፍያ ከተከለከላችሁ የውሳኔውን ደብዳቤ አታስቀምጡት። ገበሬዎች ለሚመርጡት የካውንቲ ኮሚቴ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ የኪራይ ውሉንና የተፈረሙትን ቅጾች ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።