አፈር ገዛሁ

ደረጀ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የእርሻ መሬት አጠቃቀማችን አፈሩን እንዴት እንደሚጎዳው… ሀያት፣ ምን ያስቅሻል?

ሀያት፦ አፈር ገዛሁ እኮ።

ደረጀ፦ ምን አልሽ?

ሀያት፦ አፈር! ለአበባ። እዚህ ደሴ ፒያሳ አንድ ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ሸጠልኝ፤ ተከራክሬ ነው ደግሞ። ከየት አመጣኸው ስለው፣ ከታች ከቦርከና ወንዝ ዳር አለኝ።

ደረጀ፦ (እየሳቀ) የአያትሽን ማሳ ነዋ መልሰሽ የገዛሽው!

ሀያት፦ ወላሂ እሱን ነው ያሰብኩት! የአባባ ማሳ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነበር። ጤፍ ደግሞ የላመ መሬት ይፈልጋል፤ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ልክ ዱቄት ሲመስል የሐምሌ ዝናብ ይመጣል። በቃ፣ ውሃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል።

ደረጀ፦ ወደ ኮምቦልቻ።

ሀያት፦ ወደ ኮምቦልቻ! እኛን ልጆቹን ደግሞ ድንጋይ ያስለቅሙን ነበር። ለካ ድንጋዩ ነው የዝናቡን ጠብታ የሚከላከለው፣ አፈሩንም የሚይዘው። ወገባችን የተቆረጠው ለጉዳት ነው!

ደረጀ፦ እኔ ግን ከማረሻው ይልቅ ኩበቱን ነው የምከስ። ማሳ መግባት ያለበት ፍግ ምድጃ ይገባል፤ አፈሩ በምን ይያያዝ?

ሀያት፦ እሱም አለ፤ ግን ማረሻው! አንዱን እርሻ በሌላው ላይ አቋርጠህ ነው የምታርሰው አይደል? አግድም ካረስክ ቀጣዩ ቁልቁል ይሆናል። ትልሙ ለጎርፍ ቦይ ነው።

ደረጀ፦ ኩበቱን ግን አልተውም…

ሀያት፦ እሺ፣ ግማሽ ግማሽ።

ደረጀ፦ ርእሳችን ጠፋ። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ማይባር የሚባል የምርምር ጣቢያ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃና አፈር ሲለካ ኖሯል። ሕጉም ነበር፤ በ2016 በሌላ እስኪተካ ድረስ የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይገባበትም፤ ዛፍና መኖ ይሁንበት ይል ነበር። ከ31 እስከ 60 ያለው ደግሞ ያለ እርከን አይታረስም ነበር።

ሀያት፦ አባባን ይህን ብትላቸው፣ "ታዲያ ምን ልብላ?" ነው የሚሉህ። እውነታቸውን ነው እኮ፤ ሌላ ማሳ የላቸውም።

ደረጀ፦ እሱን አልመልስልሽም። አበባውስ በቀለ?

ሀያት፦ ውሃ ሳጠጣው አፈሩ ከበረንዳዬ ፈሶ ከታች ያሉት ጎረቤቴ ነጠላ ላይ አረፈ።

ደረጀ፦ ምን አሉ?

ሀያት፦ "አፈር ስሆን ተይኝ!"

ደረጀ፦ እርከን ሥሪላቸዋ!